የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የማንጎ ትል፣ የወይን ሻጋታና ሌሎች የፍራፍሬ ተባዮች

ፍራፍሬ በሚደርስበት ወቅት ወደዚህ ዓምድ የሚላኩት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «ምን ልርጭ?» በሚል ጥያቄ ያበቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ተባዩ የትኛው እንደሆነ፣ በየትኛው የዕድገት ደረጃ ላይ እንዳለና የሚያደርሰው ጉዳት ለመድኃኒትና ለጉልበት ከሚወጣው ገንዘብ የሚበልጥ መሆኑ ሳይታወቅ የሚሰጥ መልስ ገንዘብ ከማስባከን አያልፍም። የግብርና ባለሙያዎች የተቀናጀ ተባይ መከላከል የሚሉት አሠራር መነሻውም ይኸው ነው። አሠራሩ ኬሚካልን ጨርሶ አይከለክልም፤ ተራው መቼ እንደሚደርስ ግን ይወስናል። በዚህ እትም ከማንጎ፣ ከወይን፣ ከአፕልና ከብርቱካን ጋር የተያያዙትን ጥያቄዎች መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ስም በመተው እንመልሳለን።

ከአርባ ምንጭ ዙሪያ፦ *ማንጎዬ ከውጭ ሲታይ ምንም እንከን የለበትም፤ ሲቆረጥ ግን ውስጡ ትል ነው። ነጋዴው ጭኖ ከሄደ በኋላ ደውሎ ብዙው ተበላሽቷል ብሎ ከሒሳቤ ይቀንስብኛል። በየሁለት ሳምንቱ ማላታዮን አስረጫለሁ፤ ለውጥ ግን አላየሁም። መድኃኒቱ ነው የተበላሸው ወይስ አረጫጨቴ?*

መድኃኒቱም አረጫጨትዎም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ፤ ችግሩ የሚረጨው ነገርና ተባዩ አለመገናኘታቸው ነው። ከገለጹት ምልክት እንደምንረዳው ያስቸገረዎት የፍራፍሬ ዝንብ ነው። በአገራችን ከአንድ በላይ ዝርያ ቢኖርም በማንጎ ላይ እጅግ የከፋው ከእስያ የመጣውና በሳይንሳዊ ስሙ ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የሚባለው ነው። ይህ ዝንብ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ከሰሃራ በታች ያሉትን አብዛኞቹን አገሮች አዳርሷል፤ ኢትዮጵያም አልቀረችም።

ሴቷ ዝንብ በሹሉ የእንቁላል መጣያዋ ልጣጩን ወግታ እንቁላሎቿን ከልጣጩ ሥር ትቀብራለች። የወጋችበት ቦታ ከመርፌ ጫፍ ስለማይበልጥ ገዢም ሻጭም አያየውም። ፍሬውን ወደ ብርሃን አዙረው በደንብ ቢመለከቱት ግን ከነጥቧ ላይ ፈስሶ የደረቀ ቀጭን የሙጫ መስመር ያገኛሉ፤ ጥቂት ቀናት ሲያልፉ ዙሪያው መለስለስና መጥቆር ይጀምራል። በሞቃት አካባቢ እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። እጩ የፍሬውን ሥጋ እየበላ ሳምንት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆይና ፍሬው ሲወድቅ ወይም ሲበሰብስ ወጥቶ አፈር ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጠልቆ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ቡናማ ሙሽሬ ይሆናል። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ከዚያው አፈር አዲስ ዝንብ ይወጣል። ከአራቱ የሕይወት ደረጃዎች እንቁላሉና እጩ በፍሬው ውስጥ፣ ሙሽሬው ደግሞ በአፈር ውስጥ ተሸሽገው ሳለ ቅጠል ላይ የሚረጨው ማላታዮን የሚያገኘው በዚያች ሰዓት ዛፉ ላይ ያረፈውን ጎልማሳ ዝንብ ብቻ ነው። እሱ ቢሞት ሌላው ከጎረቤት ማሳ ይመጣል። በአንጻሩ መርጫው የሚያገኛቸውና በቀላሉ የማይተኩት ጥገኛ ተርቦች (እንቁላላቸውን በተባዮች ላይ ጥለው የሚገድሏቸው)፣ ተባይ የሚበሉ ጥንዚዛዎችና ንቦች ናቸው።

ስለዚህ ሥራውን ከመሬት ይጀምሩ። የወደቀውንና ዛፉ ላይ ለስልሶ የተንጠለጠለውን ማንጎ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይልቀሙ። የተለቀመውን ጥግ ላይ ከምሮ መተው ዝንብ ማራባት ስለሆነ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ቀብረው አፈሩን ይርገጡ፤ ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት አድርገው አፉን አጥብቀው አስረው ትሉ እስኪሞት ድረስ ፀሐይ ላይ ያቆዩት። ከዛፉ ሥር ዶሮዎች እንዲጭሩ መተውም አፈር ውስጥ ያለውን ሙሽሬ ያስለቅማል። ይህ ሥራ አሰልቺ ስለሆነ ብዙዎች ይዘሉታል፤ በእኛ ግምት ግን ሌላው ሁሉ ተደምሮ የዚህን ያህል ውጤት አያመጣም።

ሁለተኛው የመኖ ወጥመድ የሚባለው ነው። ሴቷ ዝንብ እንቁላሏ እንዲጎለምስ ፕሮቲን መብላት አለባት። ከእርሾ የተዘጋጀ የፕሮቲን መኖ እንደ ስፒኖሳድ ካለ በጥቂቱ ከሚሠራ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ አንድ ካሬ ሜትር በምታህል የቅጠል ቦታ ላይ ብቻ ይረጫል፤ ዝንቧ ራሷ ፈልጋ መጥታ ትበላለች። ዛፉን ሁሉ ማጠብ ስለማያስፈልግ የመድኃኒቱ መጠን እጅግ ያንሳል፤ ፍሬውም አይነካም። ርጭቱ ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ ተጀምሮ እስከ ለቀማ በየሳምንቱ ይደገማል፤ ዝናብ ካጠበው ደግሞ ወዲያውኑ ይታደሳል። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ እንዲህ ያለውን መኖ ከቢራ ፋብሪካ ከሚወጣ የእርሾ ተረፈ ምርት ማዘጋጀት እንደሚቻል አሳይቷል፤ ቢራ ፋብሪካ በሞላበት አገራችን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ሦስተኛው ሜቲል ዩጂኖል የተባለው ማባበያ ያለበት ወጥመድ ነው። ይህ የሚስበው ወንዶቹን ብቻ ስለሆነ በርካሽ ፕላስቲክ ዕቃ ተንጠልጥሎ በአንድ ሳምንት በዝንብ ቢሞላም «ተባዩ አለቀ» ማለት አይደለም። ዋና ጥቅሙ መረጃ ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን ቆጥረው በደብተር ይጻፉ፤ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ማሻቀብ ሲጀምር መኖውን የሚረጩበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ወጥመዱን ከመሬት ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ በጥላ ውስጥ ይስቀሉት፤ የተንጠለጠለበትንም ሽቦ ግሪስ ይቀቡት። አለበለዚያ ጉንዳን የሞቱትን ዝንቦች ተሸክሞ ይወስድና ቆጠራዎ ከንቱ ይሆናል።

አንድ ነገር ልንሸሽግዎ አንፈልግም፤ ይህን ሁሉ ብቻዎን ቢያደርጉት ውጤቱ ግማሽ ነው። ዝንቡ ርቆ ይበራል፤ ማንጎ ባይኖር ዘይቱንና ሌሎች ፍራፍሬዎችን እየተቀያየረ ዓመቱን ይገፋል። የአካባቢዎ ሰዎች ለአጨዳ በደቦ የሚወጡትን ያህል ለወደቀ ማንጎ ለቀማም ቢወጡ የነጋዴው ስልክ ይቀንስ ነበር። ለቤት ፍጆታ የሚሆኑ ጥቂት ዛፎች ብቻ ላሏቸው አንባቢዎች ደግሞ ፍሬው ሳይጎለምስ በወረቀት ከረጢት መሸፈን ከሁሉም ይቀላል።

ከነቀምት አካባቢ፦ *የማንጎ ቅጠሌ ነጭ ነጥብ በነጥብ ሆኗል፤ ፍሬውም ሲበስል ሮዝ ጠባሳ ያወጣል። የዛፎቼ ቁመት ከቤት ጣሪያ በላይ ስለሆነ በጀርባ መርጫ አይደረስባቸውም። ይህ እንዳለ ሆኖ ወንድሜ ለሸዋ ሮቢት ማሳው ችግኝ እንድልክለት ጠይቆኛል። ልላክለት ወይ?*

አይላኩ። ከዚህ ሁሉ መልስ ይህቺን አንዲት ቃል ብቻ ቢይዙልን እንኳን በቂ ነው። ያለብዎት ነጭ የማንጎ ስኬል የሚባለው፣ በሽፋን ተከልሎ ቅጠልና ፍሬ ላይ የሚጣበቅ ጥቃቅን ነፍሳት ሲሆን፣ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም. በእርስዎው አካባቢ፣ በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች የማንጎ አካባቢዎች መስፋፋቱ የታወቀ ሲሆን፣ ተባዩን ሩቅ ከሚያደርሱት መንገዶች ዋነኛው በሰው እጅ የሚጓዝ ችግኝ ነው።

ቅጠሉን ገልብጠው በማጉያ መነጽር ይዩት። ክብ፣ ጠፍጣፋና ከፊል ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ያላቸው ሴቶቹ ናቸው፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። በአጠገባቸው ተጠጋግተው የተደረደሩት ጠባብና ረዘም ያሉ፣ ጀርባቸው ላይ ሦስት ሸንተረር ያለባቸው ደግሞ ወንዶቹ ናቸው። ሴቷ አንድ ጊዜ ከተጣበቀች በኋላ ከቦታዋ አትነቃነቅም፤ የምትንቀሳቀሰው ከእንቁላል እንደወጣች ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ብቻ ነው። ያኔም በነፋስ፣ በልብስና በለቀማ ዕቃ ከዛፍ ወደ ዛፍ ትጓዛለች። ሽፋኗ ከሰም መሰል ነገር የተሠራ ስለሆነ ብዙዎቹ ተራ መድኃኒቶች አይዘልቁትም፤ ርጭት ዋጋ የሚኖረው ገና ሽፋን ያላበጁት ሕፃናቱ በሚርመሰመሱበት ወቅት ነው።

ስለ ዛፉ ቁመት ያነሱት ነገር ዋናው ቁም ነገር ይመስለናል። ከዘር የበቀለ ያረጀ ማንጎ ለርጭትም፣ ለለቀማም፣ ለምርመራም አይመችም። ምርቱ ከተለቀመ በኋላ የመሃሉን ቅርንጫፍ ከፍተው ብርሃንና ነፋስ እንዲገባ ይመልምሉት፤ በየዓመቱም ጥቂት በጥቂት ዝቅ እያደረጉ ከአራት እስከ አምስት ሜትር ያውርዱት። ሁሉንም በአንድ ዓመት መቁረጥ ግን ምርቱን ስለሚያቋርጥ ዛፎቹን በተራ ይያዟቸው። እስከ ጉቶ ተቆርጠው በሚያቆጠቁጡት ዛፎች ላይ እንደ አፕል ማንጎ፣ ኬንት ወይም ቶሚ አትኪንስ ያለ ዝርያ ማዳቀልም ይቻላል። ክፉኛ የተጠቃውን ቅጠል ከማሳው ሳያርቁ ያቃጥሉ ወይም ይቅበሩ። ከዚያ በኋላ ለዕፅዋት የተዘጋጀ ቀላል የማዕድን ዘይት የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ እስኪያረጥብ ድረስ፣ የፀሐይ ግለት በሌለበት ሰዓት ቢረጭ ነፍሳቱን አየር ያሳጣቸዋል፤ ለጥቅም ሰጪዎቹ ነፍሳትም ከጠንካራ መድኃኒቶች ይሻላል።

ስለ ጥቅም ሰጪዎች ካነሳን፣ ደቡብ አፍሪካውያን ለዚሁ ተባይ ከታይላንድ ጥቃቅን ጥንዚዛና ጥገኛ ተርብ አምጥተው በማንጎ ማሳዎቻቸው ለቀዋል። እንዲህ ያለው ሥራ የመንግሥትና የምርምር ተቋማት እንጂ የአንድ ገበሬ አይደለም፤ እርስዎ ማድረግ የሚችሉት እዚያው ያሉትን አዳኝ ጥንዚዛዎች በየሳምንቱ በሚረጭ መድኃኒት አለመጨረስ ነው። ወንድምዎም ችግኙን በአካባቢው ካለና በባለሙያ ከታየ ችግኝ ጣቢያ ይግዛ፤ ከመትከሉ በፊትም የእያንዳንዱን ችግኝ ቅጠል ገልብጦ ይመልከት።

ከቢሾፍቱ፦ *በግቢዬ ለጥላ ብዬ የተከልኩት ወይን አለ። ዘንድሮ ፍሬው አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ጥቂት ቆይቶ ይሰነጠቃል። መዳብ ገዝቼ ብረጭም ምንም አላደረገለትም። ከግቢዬ ጀርባ የጽጌረዳ እርሻ አለ፤ የእነሱም አበባ ነጭ ዱቄት እንደያዘው ሠራተኞቹ ነግረውኛል። በሽታው የመጣብኝ ከእነሱ ነው?*

ጎረቤቶችዎን በዚህ እንኳን አይወቅሷቸው። በጽጌረዳ ላይ የሚወጣው ዱቄትና በወይን ላይ የሚወጣው ዱቄት በመልክ ቢመሳሰሉም ሁለት የተለያዩ ፈንገሶች ናቸው፤ የጽጌረዳው ወይንን፣ የወይኑም ጽጌረዳን አይዝም። በአውሮፓ በወይን መስመር ጫፍ ላይ ጽጌረዳ የመትከል ልማድ መኖሩ ብዙዎችን ያሳስታል፤ ልማዱ ቢበዛ ለሁለቱም የሚስማማ የአየር ጠባይ መምጣቱን ሊጠቁም ይችላል እንጂ መተላለፍን አያመለክትም።

መዳቡ ያልሠራበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ወይን ሁለት ዋና ዋና ሻጋታዎች አሉት፤ ሰዎችም በየጊዜው ያደባልቋቸዋል። አንደኛው ፀጉራም ሻጋታ ነው፤ በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ቢጫ፣ ዘይት የነካው የሚመስል ነጥብ ያወጣና በዚያው ትክክል በታችኛው ገጽ ነጭ ፀጉር ያበቅላል። ይህ ውሃ ይፈልጋል፤ ቅጠሉ ለሰዓታት ካልረጠበ አይነሣም፤ ስለዚህ የክረምትና የበልግ ዝናብ በሽታ ነው። ሁለተኛውና የእርስዎ የሆነው ዱቄታማ ሻጋታ በቅጠሉም በፍሬውም ላይ አመድማ ዱቄት ሆኖ ይታያል፤ በጣት ሲጠረግ ይነሣል፣ ከሥሩ ግን ቡናማ መረብ የመሰለ ጠባሳ ይቀራል። የታመመው ልጣጭ ማደግ ሲያቆም ውስጡ ማደጉን ስለሚቀጥል ፍሬው ይሰነጠቃል። ይህኛው ዝናብ አይፈልግም፤ ለብ ያለ አየር፣ ጥላና የታፈነ ቅጠል ይበቃዋል። ለጥላ ተብሎ በቆጥ ላይ ተደራርቦ የተተወ ወይን ደግሞ ለእሱ ከዚህ የተመቸ መኖሪያ የለውም።

መዳብ ለፀጉራሙ ሻጋታ ነው። ታሪኩም ደስ ይላል፤ በፈረንሳይ በቦርዶ አካባቢ የወይን ገበሬዎች መንገደኛ እንዳይሰርቃቸው በመንገድ ዳር ያሉትን ወይኖች በመዳብ ሰልፌትና በኖራ ውህድ እየረጩ ያስፈራሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 የዕፅዋት ተመራማሪው ፒየር ሚላርዴ ፀጉራሙ ሻጋታ ሌላውን ወይን ቅጠል አልባ ሲያደርገው የመንገድ ዳሩ ብቻ ለምልሞ መቆየቱን ልብ አለ፤ ከምርምር በኋላም በ1885 ይፋ ያደረገው ውህድ እስካሁን የቦርዶ ውህድ እየተባለ ይጠራል። መዳብ ግን በአፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ ይከማቻል። ለዚህም ሲባል የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ሄክታር ላይ በ7 ዓመት ውስጥ ከ28 ኪሎ ግራም በላይ መዳብ እንዳይረጭ ገደብ አውጥቷል። በዱቄታማው ሻጋታ ላይ ግን ኃይሉ ደካማ ስለሆነ በየሳምንቱ ቢደጋግሙትም አፈርዎን ከመጫን አያልፍም።

ለዱቄታማው ሻጋታ ጥንታዊውና ርካሹ መድኃኒት ድኝ ነው። በውሃ የሚበጠበጠውን ዓይነት ይግዙና አዲሱ ቀንበጥ አንድ ስንዝር ሳይሞላ ጀምረው በየአሥር ወይም በየአሥራ አራት ቀን ይርጩ፤ ድኝ የሚከላከል እንጂ የሰፈረ በሽታን የሚነቅል አይደለምና ዱቄቱ ሲታይ መጀመር ዘግይቷል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሚሆንበት ሰዓት ከረጩት ቅጠሉን ያቃጥላል፤ የዘይት መርጫ ከተጠቀሙም በሁለቱ መካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር የወይን ፍሬ ከተቋጠረ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ለአዲስ የዱቄታማ ሻጋታ ጥቃት እምብዛም አይመችም። ከአበባ ጊዜ እስከዚያ ያለችውን አጭር ጊዜ አጥብቀው ከጠበቁ ከዚያ በኋላ ዘለላውን በድኝ መሸፈን አያስፈልግም፤ ለሚበላ ፍሬ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከድኙ በፊት ግን መግረዣው ይቅደም። ዘንድሮ የተሰነጠቁትን ዘለላዎች ቆርጠው ያስወግዱ፤ ቆጡ ላይ ያለውን የአሮጌ እንጨት ድርብርብ አሳስተው መሬት ላይ የፀሐይ ብርሃን ነጠብጣብ እስኪያዩ ድረስ ይግረዙ፤ በዘለላዎቹ ዙሪያ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ያሉትን ቅጠሎች ያንሱ። ጥላው ይቀንስብኛል ቢሉ እውነትዎን ነው፤ ጥላና ፍሬ ከአንድ ቆጥ ላይ በእኩል አይገኙም። በአገራችን ወይን እንደ ቀዝቃዛ አገር ወይን ሙሉ በሙሉ ስለማይተኛ የሚያነቃው መግረዙ ነው፤ ስለዚህ አበባው መቼ እንዲውል እንደሚፈልጉ ወደኋላ ቆጥረው የሚገርዙበትን ጊዜ መወሰን ይችላሉ። አበባው በበጋ ከዋለ ከፀጉራሙ ሻጋታና ከዘለላ መበስበስ ያመልጣሉ፤ ከዱቄታማው ግን አያመልጡም፤ ለዚህ ነው ድኙና መግረዣው አብረው የሚሄዱት።

የወይን ተባይ ነፍሳትና ሻጋታ ብቻ ናቸው ብለው እንዳያስቡ ደግሞ፣ በዝዋይ (ባቱ) ያለው የካስቴል የወይን እርሻ ዙሪያውን ሰፊ ቦይ የተቆፈረለት ለጉማሬ፣ ለጅብና ለዘንዶ ነው። ለእርስዎ ግቢ ፍሬው ቀለም ሲይዝ የሚዘረጋ የወፍ መረብ ይበቃል።

ከጨንቻ፦ *በአፕል ዛፌ ላይ በተለይም በተገረዘበት ቁስል ዙሪያ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል፤ ስጨፈልቀው ቀይ ፈሳሽ ይወጣዋል። ቅርንጫፉም እየጎበጎበ ነው። ሻጋታ ነው ወይስ ሌላ?*

ሻጋታ አይደለም፤ ጥጥ ለባሽ የአፕል ክሽክሽ የሚባል ነፍሳት ነው። ቀይ ፈሳሽ ማየትዎ ያረጋግጣል። ከላይ የሚታየው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ሥሩ ላይ ስለሚኖር ግንዱን አጥበው ቢጨርሱትም ከሥር ተመልሶ ይወጣል። ዘላቂው መፍትሔ ከመትከል በፊት ያለ ውሳኔ ነው፤ በእንግሊዝ አገር የተዳቀሉት ኤም ኤም 106 እና ኤም ኤም 111 የተባሉት የሥር ግንዶች (የፍሬው ዝርያ የሚዳቀልባቸው የታችኛው ክፍሎች) ይህን ክሽክሽ እንዲቋቋሙ ተብለው የወጡ ናቸው፤ ኤም 9 ግን አይቋቋምም። ችግኝ ሲገዙ ከላይ ያለውን የፍሬ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ከታች ያለው ምን እንደሆነም ይጠይቁ።

ላሉት ዛፎች የተጠቁትን ቀንበጦች ቆርጠው ያስወግዱ፤ ጥጡን በሻካራ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይፈግፍጉ። ከዚያ በፊት ግን ጥጡን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ ከክሽክሾቹ መካከል ጥጣቸው የረገፈ፣ ጥቁርና ያበጡ፣ በጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ያለባቸው ካሉ አፌሊነስ ማሊ የተባለችው ጥቃቅን ተርብ እየሠራችልዎ ነው። እነዚያ ያሉበትን ቅርንጫፍ አይንኩ፤ ጠንካራ መድኃኒትም አይርጩ።

ከወንዶ ገነት፦ *ብርቱካኔን ጉንዳን ወርሮታል፤ ቅጠሉም ጥላሸት የተቀባ መስሏል። ጉንዳኑን የሚገድል ነገር ይንገሩኝ።*

ጉንዳኑ የመጣው ለብርቱካኑ ሳይሆን የብርቱካኑን ጭማቂ ለሚመጥጡት ነፍሳት ነው። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ለስላሳ ስኬሎች ጭማቂውን እየመጠጡ ጣፋጭ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፤ ጉንዳኑ ያንን ይልሳል፤ በምላሹም ጥንዚዛና ጥገኛ ተርብ ሲጠጉ ያባርርላቸዋል። ጥላሸቱም በዚያው ፈሳሽ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ስለሆነ ምንጩ ሲደርቅ ራሱ ይረግፋል። ጉንዳኑን መግደል ሳይሆን መንገዱን መቁረጥ ይበቃል። መሬት፣ አጥር ወይም ሌላ ዛፍ የሚነኩትን ቅርንጫፎች ይቁረጡ፤ ግንዱን በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ጠቅልለው ከላዩ ግሪስ ይቀቡ፤ ግሪሱን በቀጥታ ልጣጩ ላይ መቀባት ግን ግንዱን ይጎዳል። አቧራ ሲሸፍነው ያድሱት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንታት መታገሥ አለብዎ፤ ጠባቂያቸውን ያጡት ነፍሳት በአዳኞቻቸው እየተለቀሙ ያልቃሉ።

ጥንዚዛ ይህን ያህል ይሠራል ወይ ለሚሉ አንባቢዎች በዓለም የታወቀውን ምሳሌ እናንሳ። በካሊፎርኒያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአውስትራሊያ የገባ አንድ ነጭ ስኬል የብርቱካን ልማቱን ሊያጠፋው ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ኮይብል የተባለ ባለሙያ ወደ አውስትራሊያ ተልኮ ቬዳሊያ የተባለችውን ትንሽ ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ ላከ፤ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ተባዩ ስጋት መሆኑ ቀረ። ከዚያ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ዲዲቲ የተባለው ፀረ-ተባይ ሲረጭ ጥንዚዛዋ አለቀችና ያው ተባይ ተመልሶ ተነሣ። በነገራችን ላይ ጉንዳን ሁሉ ጠላት ነው ማለትም አይደለም፤ የቻይና ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ቅጠል የሚሰፉ ጉንዳኖችን ጎጆ ገዝተው የብርቱካን ዛፍ ላይ ይሰቅሉ እንደነበር ተጽፏል።

ከመተማ፦ *በደጃችን የኒም ዛፍ ሞልቷል። ለፍራፍሬ ተባይ ይሆናል ይባላል፤ እውነት ነው?*

ለክሽክሽ፣ ለነጭ ዝንብና ለትናንሽ ትሎች ይሆናል፤ ፍሬ ውስጥ ለገባ ትልና ሽፋን ላበጀ ስኬል ግን አይሆንም። ከደረቀው ፍሬ የውስጡን ዘር ፈልፍለው ወቅጠው በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ያህሉን ይዘፍዝፉ፤ ሲያድር አጥልለው ጥቂት ሳሙና ጨምረው ወደ ማታ ይርጩ። የፀሐይ ብርሃን በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይሉን ስለሚያሳጣው መደጋገም ይፈልጋል፤ አዘጋጅቶ ማስቀመጥም አይጠቅምም።

ከመርሳ፦ *ለብርቱካንና ለማንጎዬ መድኃኒት ብጠይቅ ሻጩ በውሃ ፕላስቲክ ቀድቶ ሰጠኝ። «በአንድ መርጫ ሁለት ክዳን አድርጊበት» አለኝ እንጂ ስሙን አልነገረኝም። ልጠቀምበት? ስንት ቀን ቆይቼስ ፍሬውን ልልቀም?*

አይጠቀሙበት። ስሙ ያልታወቀ መድኃኒት ለየትኛው ተባይ እንደሆነ፣ ስንት እንደሚበጠበጥና ከተረጨ በኋላ ፍሬው ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት ማወቅ ስለማይቻል ሁለተኛውን ጥያቄዎን ልንመልስልዎ አንችልም። ያ የቀን ቁጥር ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል፤ አንዳንዱ ጥቂት ቀን፣ ሌላው ሳምንታት ይፈልጋል፤ የሚገኘውም መያዣው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ነው። በፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት በአገራችን ገበያ ላይ የሚውል ፀረ-ተባይ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ገላጭ ጽሑፍ የሌለው ዕቃ ደግሞ መመዝገቡን እንኳን ለማጣራት አይመችም። ለሌላ ሰብል የተመዘገበ መድኃኒትም ቢሆን ለፍራፍሬ ተስማሚ ነው ብለው አይገምቱ።

ከዚህም የሚብሰው የቤቱ አደጋ ነው። በውሃ ፕላስቲክ የተቀመጠ መርዝ ውሃ የጠማው ልጅ ወይም እንግዳ ሳያውቅ ሊጠጣው ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ በፕላስቲኩ ላይ «መርዝ» ብለው በጉልህ ይጻፉበትና ከምግብ፣ ከከብት መኖና ከልጆች ርቆ በሚቆለፍ ቦታ ያስቀምጡት። ቦይ ውስጥ ወይም መጸዳጃ ቤት አይድፉት፤ ለሻጩ ይመልሱት፤ አልቀበልም ካለዎት የወረዳዎን የግብርና ጽሕፈት ቤት የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ አነጋግረው ያስረክቡ። ወደፊት ሲገዙ ያልተከፈተ መያዣ ከነጽሑፉ ይጠይቁ። ሲረጩም ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ልብስ፣ የጎማ ቦትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ብርቱካኑ አበባ ላይ ሳለ አይርጩ፤ በሌላው ጊዜም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ምሽት ይሁን። ባዶ መያዣውን ሦስት ጊዜ አለቅልቀው እጣቢውን መርጫው ውስጥ ይጨምሩት፤ ከዚያም ማንም ዘይት ወይም ጠላ እንዳይቀዳበት ቀዳደው ይተዉት።